ሳጥኑ እስኪከፈት

እትዬ እህተማርያም በዐቢይ ጾም፣ በዕለተ ዓርብ፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ እንጀራ በድንች ወጥ አቅርበው «ብዪ» አሉ።

እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት ናቸው። ተከራያቸውን ማናለብሽን በጾም ጠዋት ዳቦ ስትገምጥ ባገኟት ቁጥር «የተማረ ሰው አምላኩ ሆዱ ነው» እያሉ ሲሸነቁጧት ኖረዋል። ዛሬ ግን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፏ አስጠጉ።

«ምነው እትዬ፣ ጾሙ ተፈታ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ጉረሺ። ትልቅ ሥራ አለብኝ ብለሽ የለ? ከኔ ቤት በባዶ ሆድ የሚወጣ ሰው የለም።»

ማናለብሽ ሳቀችና ጎረሰች። ሴትዮዋ ስለ ሥራዋ ከእሷ ብሰው መጨነቃቸው ደስ አሰኛት። እትዬ እህተማርያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሌለ አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

አባቷ ሞተዋል። አቶ አየነው ማክሰኞ ሲነጋ ዐረፉ፤ ረቡዕ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ፤ ዛሬ ሠልስታቸው ነው። ይህን እትዬ እህተማርያም ያውቃሉ፤ ጎረቤቱ ያውቃል፤ የምታስተምርበት ግቢ ዘበኛ ያውቃል። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው። የማታውቀው ልጃቸው ብቻ ናት። መርዶ ደግሞ እንደ ገበያ ወሬ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው። የማናለብሽ መርዶ ለቅዳሜ ንጋት ተቀጥሯል። ለምን ቅዳሜ ቢባል፣ ዓርብ ሥራ ስላላት ነው። ሰውን ከአባቱ ቀብር የሚያስቀር ርኅራኄ እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው።

ከበሩ ውጭ የአገሯ ልጅ፣ የዘንገናው አስማረ፣ ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃት ነበር። አልጠራችውም።

«በዚህ ሳልፍ ነው» አለ ዐይኑን ከመሪው ሳያነሣ።

መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲያወርዳት ኮፍያውን አወለቀና «እግዜር ያጥና...» ብሎ ጀምሮ ዋጠው። «ያግዝሽ። እግዜር ያግዝሽ» ብሎ ባጃጁን አስነሥቶ በረረ። ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ነካው አለችና ረሳችው። የቢሮ ተጋሪዋ ይኸነው አፉ ስለማያርፍ የእንጅባራ ሰው ሁሉ ስለ ዛሬው ቀን ሰምቶ ይሆናል።

ሥራዋ ለሰው ሲያወሩት የሚያስቅ ዓይነት ነው። ማናለብሽ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ለዶክትሬቷ ደግሞ ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር ትፈልጋለች። በዓለም ላይ ካለው ቁስ አብዛኛው አይበራም፣ ጥላም አይጥልም፤ መኖሩ የሚታወቀው ከዋክብቱን በስበቱ ሲጎትታቸው ብቻ ነው። ጨለማ ቁስ ይሉታል። ቅንጣቶቹ ከባዶች ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን በተያዙ ነበር። ቀላል ከሆኑና በዝግታ ከመጡ ግን በሬ ላይ እንዳረፈች ዝንብ ናቸው፤ በሬው አይሰማውም። የማናለብሽ ተስፋ የሚፈነዱት ኮከቦች ነበሩ። ትልቅ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ ይፈነዳል፤ ፍንዳታው በመንገዱ ያገኘውን ቀላል ቅንጣት ሁሉ ገፍቶ ያስፈነጥረዋል። ያ የተወረወረ ቅንጣት ከስንት ሺህ ዓመት በኋላ ምድር ሲደርስ ዝንብነቱ ቀርቶ ጥይት ሆኗል። ባሕር ማዶ፣ ከተራራ ሥር በተቀበረ ግዙፍ የፈሳሽ ጋን ውስጥ አንዲት ብልጭታ ይተዋል። ምናልባት።

ይህ «ምናልባት» አምስት ዓመቷን በልቶታል። ሊያገባት የነበረው ሰው ጠብቆ ጠብቆ ዳንግላ ሌላ አግብቷል። ዘንገና በባጃጅ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እሷ ግን «የሚቀጥለው እሑድ» እያለች የምትሄደው በዓመት በዓል ሆኗል። አባቷ ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ ከርመው ነበር። «ጉንፋን ነው» ብለዋታል፣ እሷም እንዲያ ማመኑ ተመችቷታል።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው በቅበላ ነው። ፈረሳቸውን ደጅ አስረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከቤቱ ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አቶ አየነው በወጣትነታቸው በፈረስ ግልቢያ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው፤ አማርኛ እያወቁ ከልጃቸው ጋር ሲሆኑ ግን አገውኛ እንጂ ሌላ አይናገሩም። ምን እየሠራሽ ነው ብለው ጠየቋትና አስረዳቻቸው። ጋኑ የሰበሰበው ምልክት ሲከማች፣ ተፈላጊው ይገኝበታል የተባለው ክፍል ከሠሪዎቹ ራሳቸው ይሸሸጋል፤ ሳጥን ገባ ይባላል። ሠሪው ማጣሪያውን የሚያበጀው ሳያይ ነው። አስቀድሞ ካየ ልቡ የሚመኘውን ለማግኘት ማጣሪያውን ያጣምመዋልና። ሁሉም አልቆ ሲጸድቅ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ልጠግን ቢሉ አይቻልም።

አቶ አየነው በጥሞና ሰሙ። «እንደ መርዶ ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ነገሩ አልቆለታል። የሚጠበቀው መንገሪያው ሰዓት ነው።»

ማናለብሽ ከት ብላ ሳቀች። «እንደሱ ነው አባ። እንግዲህ ሳጥኑ እስኪከፈት ማንም አይደውልብኝ፣ ማንም ምንም አይንገረኝ። ሰማይ ቢወድቅ እንኳ።»

«እሺ» አሏት።

ሞባይል ዳታ ከተዘጋ ከርሟል። ኢንተርኔት የሚገኘው በጥቂት ቢሮዎች ገመድ ብቻ ነው፤ በዚሁ ምክንያት የማናለብሽ ሳጥን የመክፈቻው ስብሰባ ሁለቴ ተላልፏል። ለሦስተኛ ጊዜ እንደማይተላለፍ ተነግሯታል። ዛሬ መስመሩ ላይ ካልተገኘች ሳጥኑን ሌላ ተማሪ ይከፍተዋል፤ አምስት ዓመት የለፋችበት በሰው ስም ይወጣል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ ገብታ ያደረችው ትናንት ማታ ብቻ ነው። ሌላውን ቀን እዚያው ገመድ ያለበት ክፍል ወንበር ገጥማ ተኝታለች።

ይኸነው ቀድሟት ገብቶ ነበር። ጄኔሬተሩ በናፍጣ ተሞልቷል። ሌላ ጊዜ ለዚህ ነገር ሦስት ቢሮ መለመን ነበረባት፤ ዛሬ ዲኑ ራሳቸው ደውለው «ለማናለብሽ የሚያስፈልጋት ሁሉ ይሟላ» ብለዋል አላት። ገረማት። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው ዋጋዬን ማወቅ ጀመረ ማለት ነው ብላ በልቧ ኮራች። ይኸነው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ገመዱን ደግሞ ደጋግሞ ይነካካ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ፊቶች መደርደር ጀመሩ። ነጭ ጸጉር ያላት አማካሪዋ ከሮም ሆና እጇን አውለበለበችላት።

«ዝግጁ ነሽ?»

«ዝግጁ ነኝ።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ክፈቺው።»

ማናለብሽ አማተበች። ባልደረቦቿ ፊት ስታማትብ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቁልፉን ተጫነች።

ብዙ አልቆየም። ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ። ልቧ ዘለለ፤ ግን ቁጥሩን ከማንም በፊት ታውቀዋለች። ተራ ምክንያቶች ብቻቸውን ሦስት ያህል ነጥብ ሊያመጡ እንደሚችሉ ራሷ አስልታ ራሷ ፈርማበታለች። ቢሆንም አንድ በአንድ አየቻቸው። የመጀመሪያው ከጋኑ ብረት የወጣ ጨረር ይመስላል። ሁለተኛውን ዓለቱን ሰንጥቆ የመጣ ቅንጣት ተከትሎታል። ሦስተኛው ላይ ዐይኗ ቆየ። ጉልበቱም ሰዓቱም ደህና ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ጀርመናዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ቀን የጋኑ አየር ማጣሪያ ተበላሽቶ እንደነበር አስታወሳት። ሦስተኛውም ሄደ።

«ስለዚህ?» አለች አማካሪዋ።

«ስለዚህ ምንም የለም» አለች ማናለብሽ። «የተገኘው የተጠበቀው ተራ ነገር ነው። ቅንጣቱ ካለም እኛ ልናየው ከምንችለው በታች ነው።»

አጨበጨቡላት። ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት። አለመገኘቱ በትክክል ተለክቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚፈልግ ሰው ከእሷ አጥር ማዶ ይጀምራል፣ ዶክትሬቷም አለቀላት። በዚህ ሙያ ያልተገኘ ነገርም እንጀራ ነው። ማናለብሽ ፈገግ ብላ አመሰገነች፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ግን ፈገግታውን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። ሰው አምስት ዓመት ቆፍሮ «እዚህ ጋ ውኃ የለም» ብሎ ምልክት ሲተክል የሚሰማው ነው የተሰማት።

የመጀመሪያ ሐሳቧ አባቷ ነበሩ። እሳቸው ይሥቃሉ። «ነገሩ አልቆለታል አላልኩሽም?» ይላሉ። ስልኳን አውጥታ ለታናሽ ወንድሟ ለምስጋናው ደወለች።

«እታለም!» አለ። ድምፁ ሻክሯል።

«አባን አገናኘኝ።»

«ተኝተዋል።»

«ቀስቅሳቸው። ሳጥኑ ተከፈተ በላቸው። ምንም የለበትም በላቸው፣ እሳቸው ይገባቸዋል።»

ከምስጋናው ኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ጫጫታ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ የሚሰማው ጉምጉምታ።

«ግቢው ምንድን ነው? ሰው በዝቷል።»

«ደቦ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ከሰል ልናወጣ ነው። ዲከረንሱን ቆርጠነው... ሰዉ መጥቶልን ነው።»

«እሺ» አለች። «በርቱ በላቸው።»

ስልኩን ዘጋችው። አቶ አየነው ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ የላቸውም። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ለከሰል ብለው ጓሯቸውን በሙሉ ዲከረንስ አልብሰውት ነበር፤ በሽታ ገብቶ ፋግታም ባንጃም ያለውን ሁሉ ሲያደርቀው የእሳቸውንም አደረቀው። የመጨረሻዎቹን ግንዶች ባለፈው ዓመት እሷ ራሷ ከምስጋናው ጋር ሆና ጎትታ አውጥታለች። ቦታው ላይ አሁን ድንች ነው ያለው። ያላሰበበት ሰው ውሸት እንዲህ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሥራ ይጠራና እርሻው ላይ ምን እንዳለ ይረሳል።

ማናለብሽ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ምልክት ብቻውን ሲመጣ ተራ ምክንያት አያጣም፤ ጨረር ነው፣ ዓለት ነው፣ የተበላሸ ማጣሪያ ነው። ብዙ ሆነው ከአንድ አቅጣጫ ሲመጡ ግን እያንዳንዱን ለየብቻ የሚያስተባብል ሰው ራሱን እያታለለ ነው። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ታስተምረዋለች። የጾሙ ጉርሻ። የአስማረ ኮፍያ። በአንድ ጀንበር ደግ የሆኑት ዲን። እና ረቡዕ።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት እዚሁ ክፍል ውስጥ ነበረች። በአስፋልቱ ወደ ቀብር የሚሄዱ ፈረሰኞች አለፉ፤ እንደ ጥር በዓላቸው እየፎከሩ ሳይሆን በዝምታ፣ በእርምጃ። ከመካከላቸው ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ ሰው ያልተቀመጠበት አንድ ፈረስ በልጓም ይሳባል። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ሞቷል ማለት ነው ብላ ነበር። «ነፍስ ይማር» ብላ፣ አቧራው ኮምፒውተሩን እንዳያበላሽ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

ይኸነው ገመዱን እየጠቀለለ ነው። ጀርባውን ሰጥቷታል።

«ረቡዕ የተቀበረው ማን ነው?» አለችው።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። መልስ እስኪሰጣት አልጠበቀችም፤ ትከሻውን ማየት በቂ ነበር።

«አንተ እኮ እዚህ ነበርክ። ያን መስኮት ስዘጋ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ነፍስ ይማር ስል ሰምተኸኛል።»

«አሜን ብያለሁ» አለ ይኸነው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ማናለብሽን ከሐዘኑ ይልቅ የቀደማት ንዴት ነው። የአባቷ ቀባሪ ፈረሰኞች በመስኮቷ ሥር ሲያልፉ እሷ አቧራ ስትከላከል ነበር! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ተነሺ» ሊላት አልቻለም? ወንድሟን ጠላችው፤ ይህን ደግ ፊቱን ይዞ የቆመውን ይኸነውንም ጠላችው።

«ማን ነው እንዳይነገረኝ ያለው? ምስጋናው ነው?»

«ማናሌ፣ ይቅርብሽ...»

«ማን ነው አልኩህ?»

«እሳቸው ናቸው። ሰኞ ማታ ሲደክሙ ምስጋናው ሊጠራሽ ተነሥቶ ነበር። አይሆንም አሉት። ሳጥኗ ሳይከፈት እንዳትነግሯት፤ የእሷ ሥራ አስቀድመው ከነገሯት የሚበላሽ ነው አሉ። እሺ ብያታለሁ፣ ቃሌ ነው አሉ። ምስጋናው ምን ያድርግ? የሟች ቃል ነው።»

አባቷ እሷ ካሰበችው በላይ ገብቷቸው ነበር። ሽሽጉን ለእሷ ሲሉ እስከ መቃብር ይዘውት ሄደዋል፤ ያስተማረቻቸውም እሷው ናት። ማንን ትቆጣ? ንዴቷ የሚያርፍበት አጥቶ ወደ ራሷ ተመለሰ።

ይኸነው ቀረብ ብሎ እጇን ያዘ። እንባው ይወርዳል፤ ግን ሌላም ነገር ፊቱ ላይ አለ፤ ፍርሃት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ሽማግሌዎቹ ተመርጠዋል። ነገ ጎህ ሲቀድ ቤትሽ ይመጣሉ፣ ከዘንገናም ዘመድ ያድራል። እኔ ቢሮ ውስጥ፣ ገመድ ስጠቀልል መርዶ ነገርኩ ከተባለ በምን ፊቴ ሰው መሐል እገባለሁ? ለምስጋናውም ነውር ነው፤ የአባቱን ቃል አስጠብቆ እዚህ አድርሶ መጨረሻው ላይ ተበላሸበት ማለት ነው። እስከ ነገ ብቻ። አላወቅሽም።»

እምቢ ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። ግን ደንብ የምትወድ ሴት ናት፤ አባቷም ቃላቸውን ጠብቀዋል።

«አላወቅሁም» አለች።

ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሲያዩዋት ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ካለፈች በኋላ ይቀጥላሉ። ጠዋት አላስተዋለችውም ነበር። አሁን እያንዳንዱን ታየዋለች። ጎንበስ ብላ «እንደምን አመሻችሁ» ትላለች፤ እነሱም ከወትሮው ረዘም አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል።

እትዬ እህተማርያም በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ከኋላቸው፣ በተገለጠው የጓዳ መጋረጃ በኩል፣ ከጎረቤት የተሰበሰቡ አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበው ይታያሉ። ማናለብሽ አይታ እንዳላየች ሆነች። ማዕዱ ቀርቧል፤ ነገ ምግብ እንደማይወርድላት ያውቃሉና የድስቱን ሁሉ ነው ያወጡላት።

«ነይ ቅመሺ መጀመሪያ። ሥራሽስ? ያ የምትፈልጊው ነገር ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ እትዬ።»

«ወይ ልጄ! ጨርሶ?»

«ምንም የለም» አለች ማናለብሽ፤ ይህን ስትል ከንፈሯ መታዘዝ አቆመ። «ያን ሁሉ ዓመት... እዚያ ተቀምጬ... እሑድ እሄዳለሁ እያልኩ... ምንም የለም እትዬ!»

መደቡ ላይ ወድቃ ሰውነቷ እስኪንዘፈዘፍ አለቀሰች። አላወቅሁም ብላለች፤ ቃሏን አላጠፈችም። ማንም ቢጠይቃት የምታለቅሰው ከፈነዳ ኮከብ ተወርውራ ሳትደርስ ለቀረች ቅንጣት ነው።

«ኧረ ተይ! ለትምህርት እንዲህ ይለቀሳል?» አሉ እትዬ እህተማርያም። «ዛሬ የታጣ ነገ...» ሊጨርሱት አልቻሉም። አራት ቀን ሙሉ ያፈኑት ለቅሶ ነበር። አቶ አየነውን ያውቋቸዋል፤ በየመስቀሉ ማር ይዘው የሚመጡ፣ በሩ ላይ ጫማዬን ካላወለቅሁ ብለው የሚያስቸግሩ ሰው ነበሩ። አሁን ማልቀሻ ተገኘ። እትዬ እህተማርያም ልጅቷን አቅፈው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ «ወይኔ ድካምሽን! ወይኔ ልፋትሽን! እንዲህ ሜዳ ላይ ይቅር!» እያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ እያለ። ሁለቱም ስሙን ሳይጠሩ፣ ሁለቱም አንድን ሰው አለቀሱ።

የአጥሩ በር ተንቋቋ። ጎረቤታቸው ትዕግስት እየሮጠች ገባች፤ ነጠላዋን ገና በትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለችው ነበር።

«ተነገራት?» አለች በሹክሹክታ።

እትዬ እህተማርያም እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ዐይናቸውን አፈጠጡባት። «ዝም በይ! ገና ነው። ይሄ ለሥራዋ ነው።»

ትዕግስት አንዴ አሮጊቷን፣ አንዴ መደቡ ላይ የተደፋችውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና እሷም ለሥራዋ ማልቀስ ጀመረች።